አሥረኛው ትእዛዝ፦ ቴክሳስ ለምንኖር ክርስቲያን ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
የኅዳር ጽዮን ዋዜማ

ይድረስ በዳላስ፣ በጋርላንድ፣ በፕላኖ፣ በፎርት ወርዝና በአካባቢው ለምትኖሩ ሀበሻ ክርስቲያን ወላጆች፤ እንዲሁም ለካህናት አባቶቻችንና ለፓስተሮቻችን

ጤና ይስጥልኝ። ለምትጾሙ፣ እንኳን ለጾመ ነቢያት አደረሳችሁ። ዘንድሮ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል ታንክስጊቪንግ ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን ስለዋለ የቱርክ ዶሮውን በዓይን ብቻ የሸኛችሁት ብዙ ናችሁ። እኔም አንዱ ነኝ። ለማትጾሙ፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። መስከረም ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ልወስዳት ሄጄ፣ ገና ቀበቶዋን ሳታስር "ዳዲ፣ ማንሰርቫንት ምንድን ነው?" አለችኝ። የት አየሽው ስላት ክፍላችን ግድግዳ ላይ አለችኝ። አሥርቱ ትእዛዛት ተሰቅሏል። ከእርሳስ መቅረጫው በላይ፣ እሳት ቢነሳ በየት በኩል እንደሚወጣ ከሚያሳየው ወረቀት ጎን። እኔም የሰው ወንድ አገልጋይ፣ የሰው ሴት አገልጋይ፣ የሰው ከብት አትመኝ ማለት ነው እያልኩ ለማስረዳት ሞከርኩ። የጋርላንድ ልጅ ደግሞ ከብት የት አይታ።

ትንሽ አሰበችና "ግን ተሳስተዋል እኮ" አለች። "አሥረኛው እሱ አይደለም። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ነው።"

"ለቲቸርሽ ነገርሻት?"

"ነገርኳት። ከስቴቱ የመጣ ነው አለችኝ።"

ልጄ አልተሳሳተችም። ኦርቶዶክስ የሆናችሁ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የተማራችሁትን በጣታችሁ ቁጠሩ። ከእኔ በቀር ሌሎች አማልክት አይሁኑልህ። ስሜን በከንቱ አትጥራ። ሰንበትን አክብር። እናት አባትህን አክብር። አትግደል፣ አታመንዝር፣ አትስረቅ፣ በሐሰት አትመስክር፣ አትመኝ። አሥር ላይ ስትደርሱ "ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ" ነው። እኔን የኔታ ያስቆጠሩኝ እንደዚያ ነው። እሷንም ያስቆጠርኳት እንደዚያው ነው። የቴክሳሱ ወረቀት ላይ ይህ የለም። መኮነን አይሆንብኝም፣ ኦሪት ዘጸአት 20ን ወስደው እነሱ በለመዱት መንገድ አሳጥረውታል። የመካነ ኢየሱስ ልጆች ደግሞ እንደ ሉተራን ስለሚቆጥሩ የእነሱ አሥር ከሁለታችንም ይለያል። ካቶሊኮችም እንዲሁ። አይሁድ ሌላ ቁጥር አላቸው። ቴክሳስ ግን አንዱን መርጣ፣ ቃል በቃል በሕግ ጽፋ፣ 5.5 ሚሊዮን ገደማ ተማሪ ላለበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በሙሉ ይኸው ብላለች።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሳምንት የአካባቢያችን የቫይበር ግሩፕ ላይ አንድ መልእክት መጣ። የላኩት የማከብራቸው ሰው ናቸው፤ ለቅሶም ሠርግም ላይ ቀድመው የሚገኙ። መልእክቱ በአጭሩ፦ "እግዚአብሔር ወደ ትምህርት ቤት ተመልሷል፣ እያንዳንዳችን 10 ዶላር አዋጥተን ፖስተሩን በማኅበረሰባችን ስም እንለግስ" ይላል። ከሥሩ አርባ ምናምን አሜን ተደርድሯል። እኔም አውራ ጣቴ አሜኑ ላይ ደርሶ ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ ማንሰርቫንት ትዝ አለኝ።

መጀመሪያ ሕጉ የሚለውን ላስቀምጥ፤ ግሩፑ ላይ የሚወራው ግማሹ ልክ አይደለምና። ሴኔት ቢል 10 ይባላል። ገዥው ግሬግ አቦት በሰኔ 2025 ፈረሙት፣ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። እያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ቢያንስ 16 በ20 ኢንች የሆነ፣ ከየትኛውም የክፍሉ ጥግ የሚነበብ የአሥርቱ ትእዛዛት ፖስተር ይሰቀል ይላል። ትምህርት ቤቱ በራሱ ገንዘብ እንዲገዛ ግን አይገደድም። የሚገደደው ሰው ከለገሰው ነው። ያኔ ተቀብሎ መስቀል ግዴታው ይሆናል። ይህን ልብ በሉልኝ። አሥር ዶላራችን ተራ መዋጮ አይደለችም። ሕጉ የቆመው በእንዲህ ዓይነቷ አሥር ዶላር ላይ ነው።

ሉዊዚያና በ2024 ቀድማ ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች፣ አርካንሳስም ተከትላለች። ሦስቱም ክስ ገጥሟቸዋል። ምክንያቱም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 የኬንታኪን ተመሳሳይ ሕግ ሽሮ ነበር። ዛሬ እነዚህ ስቴቶች ያ ውሳኔ አርጅቷል ባይ ናቸው። አቦት ራሳቸው በ2005 የቴክሳስ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሳሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆመው ኦስቲን ምክር ቤቱ ግቢ ውስጥ ላለው የአሥርቱ ትእዛዛት ሐውልት ተከራክረው አሸንፈዋል። ግን ሐውልት በአጠገቡ አልፈው ይሄዳሉ። ክፍል ውስጥ ያለች የስምንት ዓመት ልጅ የት ትሄዳለች? መማር ግዴታዋ ነው።

በነሐሴ አንድ የፌዴራል ዳኛ ፕላኖን ጨምሮ 11 ዲስትሪክቶች (የየራሳቸው ቦርድ ያላቸው የትምህርት ቤት ወረዳዎች) ላይ ሕጉን አገዱ። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ደግሞ ሌላ ዳኛ ፎርት ወርዝና አርሊንግተን ያሉበትን ሌላ ቡድን ጨመሩ፣ የተሰቀለውም ይውረድ አሉ። በሌላ በኩል ዋና ዐቃቤ ሕጉ ኬን ፓክስተን አንሰቅልም ያሉ ዲስትሪክቶችን ከሰዋል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2026 ዳኞቹን በሙሉ አስቀምጦ ሊሰማው ቀጠሮ ይዟል። ሕጉን ተቃውመው የከሰሱት እነማን እንደሆኑ ግሩፑ ላይ "አምላክ የለሾች" ተብሏል። አይደለም። አንደኛዋ ከሳሽ ራባይ ናቸው። ክርስቲያን የሃይማኖት አባቶችም አሉበት።

አሁን ኦርቶዶክስ ለሆናችሁት አንድ ነገር ልጠይቅ። ነገ ኅዳር ጽዮን ነው። ታቦተ ጽዮንን የምናስብበት ቀን። ጽላት ማለት እኮ እነዚህ አሥር ቃላት የተጻፉበት ነው። እኛ ጋ የት ነው የሚቀመጠው? መቅደስ ውስጥ፣ መንበር ላይ፣ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ። እናቴ ሰማንያ ዓመቷ ነው፣ አንድም ቀን በዓይኗ አላየችውም። ጥምቀት ላይ በካህኑ ራስ ላይ ሲያልፍ ጫማዋን አውልቃ መሬት ትስማለች። ያንኑ ቃል አሁን የፕላስቲክ ሽፋን አልብሰን፣ በአራት ፑሽፒን፣ ከምሳ ሜኑ ጎን እንስቀለው ነው የምንለው። ልጄ ክፍል ያለው አንዱ ጥጉ ተላቆ ወደ ታች ታጥፏል። በወላጆች ቀን ሄጄ አይቻለሁ። እጄ ሊያቃናው ተነሳ፣ ተመለሰ። ማስተካከል አለብኝ ወይስ መተው? እስካሁን አላውቀውም።

ጴንጤ ለሆናችሁትም አለኝ። የባለቤቴ ወንድም ጴንጤ ነው፣ በዚህ ጉዳይ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቡና ጠጥተን ተከራክረናል። "መንግሥት ወንጌልን ሲደግፍ እንዴት ትቃወማለህ?" ይለኛል። እኔ ደግሞ የእናቴን እህት አነሳበታለሁ።

አክስቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ተማሪ ሳለች፣ ጌታን ተቀበልኩ ብላ ከቤት ወጣች። ያኔ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 መሠረት ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ መንግሥት የሚደግፋት፣ ንጉሠ ነገሥቱ የግድ የእምነቷ ተከታይ የሚሆኑባት። "ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው" የሚለውም አባባል በዚያው ዘመን በየአፉ ነበር። አክስቴ የመጀመሪያ ልጇ ሲሞትባት የአጥቢያው መካነ መቃብር አልተፈቀደላትም። ልጁ ወንዝ ዳር ተቀበረ። አያቴ የማኅበር ሰብሳቢ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰም። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው፣ ዛሬም፣ አያቴ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ።

ያ እምነት የእኔ እምነት ነው። ጥፋቱ ጸሎቱ ላይ አልነበረም። ከጸሎቱ ጀርባ ፖሊስ መቆሙ ነው ልጁን ወንዝ ዳር ያስቀበረው። ሙሉ ወንጌሎች ስብሰባቸው የተከለከለው፣ ምእመናኑ የታሰሩት በዚያው ዘመን ነው። በሚያዝያ 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች "እኛም ዜጋ ነን፣ በዓላችንም ይከበር" ብለው በብዙ አሥር ሺህ ሲወጡ፣ አብረው የተሰለፉ ክርስቲያኖች ነበሩ። ይህን ማንም ሲያወራው አልሰማም፤ እኔ የሚያኮራኝ ግን እሱ ነው።

ሌላም አለ። መንግሥት ያን ያህል ያቀፋት ቤተ ክርስቲያን፣ መንግሥት ሲቀየር ምን ሆነች? ደርግ መሬቷን ወረሰ፣ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። በ1971 ገደላቸው። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገደለ። የተደገፈችውም ያልተደገፈችውም እኩል ደረሰባቸው። ቤተ መንግሥት የለመደ እጅ በር አንኳኩቶ መግባቱን ይተዋል።

ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ ሰንበት ራሷ አለች። የቴክሳሱ ፖስተር "ሰንበትን አስብ" ይላል። የትኛዋን? በ14ኛው ክፍለ ዘመን የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜንም እናከብራለን ስላሉ ተሰደዋል፣ መምህራቸውም አገር ጥለው ወጥተዋል። ጉዳዩን የዘጋው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ በ1450 ገደማ በጠራው ጉባኤ ነው፤ ሁለቱም ይከበሩ ተባለ። ጥሩ ውሳኔ ነበር፣ እስከ ዛሬ እንኖርበታለን። ግን ያው ንጉሥ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉትን መነኮሳት አልሰግድም ስላሉት ምላስና አፍንጫ አስቆርጧል። አንዱን ክርክር የፈታውም፣ ሌላውን በቢላ የቆረጠውም አንድ ሰው ነው።

ሳውዝሌክን ታውቁታላችሁ፣ ከአየር ማረፊያው ወደ ሰሜን ምዕራብ ትንሽ ሄድ ብሎ ያለው ሀብታም ሰፈር። በ2021 የወጣ ሕግ "በእግዚአብሔር እንታመናለን" የሚል ፖስተር ከተለገሰ ትምህርት ቤት ይስቀል ይል ነበር። እዚያ አንድ ድርጅት ለገሰ፣ ቦርዱ ተቀበለ። በነሐሴ 2022 አንድ ነዋሪ ያንኑ ቃል በዐረብኛ ጽፎ ይዞ መጣ። ቦርዱ አልተቀበለም፤ ለአንድ ሕንፃ አንድ ይበቃል ተባለ። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የማስበው፦ በግዕዝ ፊደል ጽፈን ይዘን ብንሄድስ? "እግዚአብሔር" የሚለውን ቃል ማን አንብቦ ያሳልፍልን ነበር? ቴክሳስ የሰቀለችው እምነት የእኛን ይመስላል እንጂ የእኛ አይደለም። ለጊዜው ስለምንመሳሰል እንደ ዘመድ እየተቆጠርን ነው።

ፍርሃታችሁ ይገባኛል። እኔም አባት ነኝ። ልጅ በስልክ ምን እንደሚያይ አላውቅም፣ በእረፍት ሰዓት ማን ምን እንደሚነግራት አላውቅም። ሁለት ሥራ ሠርቶ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ የሚገባ ሰው "ቢያንስ ትምህርት ቤት የእግዚአብሔርን ቃል ያዩ" ቢል አልፈርድበትም። ግን ልጄ ፖስተሩ ሥር ለሦስት ወር ተቀምጣ ያገኘችው አንድ አዲስ ቃል ማንሰርቫንት ነው። የቀረውን ያስተማራት ቅዳሜ ከሰዓት ከእኔ ጋር የምትቀመጥበት አንድ ሰዓት ነው፤ እሱም ግማሹ "ሀ ሁ" ነው፣ ግማሹ ልመና።

በዚህ አገር ለእምነታችን በእውነት የጠቀመን ሕግ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችሁ አትጠቀሙበትም። የቴክሳስ የትምህርት ሕግ ተማሪ ለሃይማኖቱ በዓል ከቀረ እንደ ጥፋት አይቆጠርበትም ይላል፤ ወላጅ በጽሑፍ ማሳወቅ ብቻ ነው። የመጪው ገና ረቡዕ ጃንዋሪ 7 ይውላል። ልጄ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ናት። የሙስሊም ጎረቤታችን ልጅ ለዒድ ሲቀር የሚጠቅሰው ይህንኑ ሕግ ነው። ማንም የማንን ትእዛዝ አልመረጠም፣ ማንም ግድግዳ ላይ አልሰቀለም። ይሠራል።

ባፕቲስት የሆናችሁ ደግሞ፣ የራሳችሁን ታሪክ ከእኔ አትሰሙ፣ ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሰበካችሁ ተብለው የታሰሩት፣ የተገረፉት ባፕቲስቶች ነበሩ። ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን በ1802 በእምነትና በመንግሥት መካከል ስላለው ግድግዳ የጻፉት ለዳንበሪ ባፕቲስቶች መልስ ሲሰጡ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁን ልናገር። በመጀመሪያ ያቺን የፖስተር መዋጮ አቁሙልን። ገንዘቡ ከተሰበሰበ ለልጆቹ የአማርኛና የግዕዝ ክፍል ይሁን፤ ወንበሩ መሰበሩን ሁላችን እናውቃለን። ለጴንጤ ወንድሞቻችንም የእሑድ የልጆች ክፍል ወንበር የሚጎድል ይመስለኛል።

ሁለተኛው ይቸኩላል። ሴኔት ቢል 11 የሚባል ሌላ ሕግ አለ። የእያንዳንዱ ዲስትሪክት ቦርድ በየቀኑ የጸሎትና መጽሐፍ ቅዱስ ወይም ሌላ የሃይማኖት መጽሐፍ የሚነበብበት ሰዓት ይኑር አይኑር ብሎ እስከ ማርች 1, 2026 ድምፅ እንዲሰጥ ያዛል። ፓክስተን ተማሪዎች "አባታችን ሆይ"ን በዚያ ሰዓት እንዲደግሙ መክረዋል፣ በእንግሊዝኛው በጥንቱ ትርጉም። ልጁ እንዲሳተፍ ወላጅ ይፈርማል፤ የሚፈርመው ወረቀት ላይ በዚህ ጉዳይ ክስ የማቅረብ መብቱን እንደሚተውም ይፈርማል። እስቲ ይህን የቫይበሩ መልእክት ላይ ማን ጻፈው? ሳታነቡ እንዳትፈርሙ። እንደ ቤት ኪራይ ውል አንብቡት።

በተረፈ ብሉቦኔት የሚባለውን የንባብ መጽሐፍ ዲስትሪክታችሁ ወስዶ እንደሆነ ጠይቁ። የስቴቱ የትምህርት ቦርድ በኖቬምበር 2024 በ8 ለ7 ድምፅ ያጸደቀው ነው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ አለበት። የወሰደ ዲስትሪክት በተማሪ እስከ 60 ዶላር ተጨማሪ ያገኛል። ልጃችሁ ስለ አስቴር የምትሰማውን ከማን አፍ እንደምትሰማ ማወቅ መብታችሁ ነው።

ካህናት አባቶቼ፣ ፓስተሮች፦ ከመድረክ ላይ ይህን ሕግ ከማመስገናችሁ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ጽሑፉን ከእኛው አሥርቱ ትእዛዛት ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡት። ከዚያ የምትሉትን እሰማለሁ።

የእኛ ዲስትሪክት ቦርድ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። ለመናገር የሚፈልግ ቀድሞ ስሙን ይመዘገባል፣ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። እኔ ተመዝግቤያለሁ። የባለቤቴ ወንድምም ይመጣል፤ በእኔ ላይ ይናገር ይሆናል፣ ግን በአንድ መኪና ነው የምንሄደው። እንግሊዝኛው የሚያስፈራው ካለ በአማርኛ ይጻፍልኝና ተርጉሜ አነብለታለሁ። መኪናዬ ውስጥ ሦስት ቦታ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አባት
ጋርላንድ፣ ቴክሳስ